ማክሰኞ ማክሰኞ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከቀትር በፊት፣
ሸሚዝ እተኩሳለሁ፣ እላጫለሁ ፊት፤
ትርንጎ ታየኛለች በበሩ ስንጥቅ፤
እሷ ምንም አትል፣ እኔም አልጠይቅ።

"ጉልበቴን ነው" አልኳት "የምታከመው፣
ከባቡሩ ጋራዥ የተረፈኝ ነው።"
ዋሸሁ እንዳትሉኝ፤ ይኼ አማርኛችን
ጉልበት በሚል ቃል ይሸፍናል ስንቱን።

ባጃጅ እይዛለሁ ከገንደ ቆሬ፣
ኮንትሮባንድ እንደያዘ ሰው አንገቴን ቀብሬ።
ከዚራ፣ ዛፎቹ መንገድ ካለበሱት፣
ጥርስ ሐኪሙ ካለበት፣ እዚያው ፎቁ ቤት፣
ደረጃ ስወጣ፣ ለሚያየኝ ሁሉ
ጉንጬን እይዛለሁ፣ ጥርሱ ነው እንዲሉ።

"ስድስት ሳምንት" አለ ዶክተሩ "እንሞክር፤
ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለአንዳንዱ ግን ይቀር።
ስኳር ያለበት ሰው ደም ስሩ ይዝላል፤
ደቻቱን አያዩም? አሸዋ ይመስላል፣
ደንገጎ ሲዘንብ ግን ውሃው ይመጣል።"
"በሌላ መስልልኝ" አልኩት "ያን ወንዝ አትጥራ፤
እህቴን ወስዷታል ከነፍራሿ፣ ከነጣራ።"
ዝም አለ። ጻፈልኝ። ደረሰኝ ቆረጥኩ፤
ከጡረታ ገንዘቤ ግማሹን ከፈልኩ።

መሳሪያውን ይዞ የቆመው ልጅ ማነው?
ረምዚ! የአብዱሰላም፤ ያ ትንሹ ልጅ ነው፤
ላባቱ ምሳ ሲያመጣ፣ በሰፋፊ ጫማ፣
ፉርጎ ላይ የሰቀልኩት ፊሽካ እንዲያሰማ።
እሱም አወቀኝና እንዳላወቀ ሆነ፤
እንዲህ ያለ ትህትና ከየት ተሸመነ?

ቀዝቃዛ ቅባት ቀባ። ጣሪያ ላይ አፈጠጥኩ፤
የማራገቢያውን ክንፍ ቆጠርኩ፣ ደገምኩ።
ቢላ የለ፣ መርፌ የለ፣ ደምም የለ ፈሳሽ፤
ሞገድ ነው ይላሉ፣ የደም ስር ቀስቃሽ።

ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ። ይኼን ድምፅ እኔ አውቀዋለሁ፤
የፉርጎን ብረት እግር በመዶሻ መትቼ ሰምቻለሁ፤
ደህናው ይደውላል፣ ስንጥቁ ያፍናል፤
ጆሮ ያለው መካኒክ ሳይፈታ ያውቃል።
ዛሬ ተመቺው እኔ፤ ምን ብዬ ልጠይቀው?
ልጄ፣ ይደውላል ወይስ ያፍናል፣ ለሚያደምጠው?

አራተኛው ማክሰኞ፣ ገና ደረጃው ላይ፣
ጉንጬን እንደያዝኩኝ ቀና ብዬ ባይ፣
ትርንጎ ወንበር ላይ! ግንባሯን ቋጥራ፣
በሌላ ባጃጅ መጥታ፣ ሰዓቴን ቆጥራ።
"ማናት?" አለች። "ሽቶ የምትቀባላት፣
ሸሚዝ የምትተኩስላት፤ ንገረኝ፣ ማናት?"

አፌ አመድ ሆነ። ካርዴን ሰጠኋት።
መስመሩን በጣቷ ስትከተል አየኋት።
አነበበች፣ አጠፈች፣ ደግማ ዘረጋች፤
"ሁለት ዓመት!" አለች። "ሁለት ዓመት!" አለች።
"ፊትህን ለግድግዳ እየሰጠህ ስትተኛ
ገላዬን የጠላኸው መስሎኝ፣ እንደ በሽተኛ
መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ስከስስ፣
አንተ እዚህ..." አቋረጠች፤ ሳቅ ይሁን ማልቀስ
አልለየሁትም። "ያማል?" "አያምም።" "ማሳፈሩስ?"

በሩን ከፍቶ ረምዚ "ጋሼ፣ ይግቡ" ሲል፣
"ውይ፣ ረምዚ! እናትህ ደህና ናት ወይ?" ስትል፣
ልጁ ፊቱ ቀላ፤ የኔም ሳቅ ፈለቀ፤
ጉንጬን የያዘው እጅ ያን ጊዜ ለቀቀ።

ስድስቱ አለቀ። "ሠራ ወይ?" ብትሉኝ፣
ይሄን ለኔና ለሷ ትታችሁ ማሩኝ።
ድሬ ስትግል ሌሊት፣ አልጋችን ግቢ ነው፤
ጣቢያው ዝም ብሏል፤ ፊሽካ የሚነፋው ማነው?
ግድግዳ በሌለበት ወዴት ልዙር እኔ?
ትርንጎ በጣቷ፣ ከትከሻ እስከ ጎኔ፣
ጠክ፣ ጠክ ታረጋለች፤ ጆሮዋን ትጥላለች፤
ጥቂት ታስብና "ይደውላል" ትላለች።
"ቀስ በይ፣ ጎረቤት ነቅቶ እንዳይሰማ!"
እሷ ግን መዶሻዋን አታቆምም፦ "ይስማ!"