ድምፁ ወድቋል

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ላይፕዚግ፣ ካሮጌ ዕቃ ተራ፣
የሟች ቤት የሚያራግፍ ጎረምሳ፣ ባንድ እጁ ስልክ፣ ባንዱ ሲጋራ፣
ከፎቶ አልባ ክፈፍ፣ ከዛገ መጥበሻ መሃል
አንድ ቼሎ አቁሟል።
አንገቱን ደፍቷል።
«ሰባ» አለኝ። «ሃምሳ» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ፤
ሰባ ከፈልኩ። ጣቴ ክር ነክቶ አያውቅም፣ በፍሬን ዘይት የደረቀ።
ታዲያ ለምን ገዛሁት?
እሱን ሆድ ይፍጀው።

በአስራ አንድ ቁጥር ትራም ሰዎች ቦታ ለቀቁልን፤
አንዲት ሕፃን «አሞታል?» ስትል እናቷ በዐይኗ ይቅርታ ጠየቀችን።
ፍሬኑ በያዘ ቁጥር፣ ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር
«ቋ» ይላል፣ ይንከባለላል፣ ዝም ይላል፣ መልሶ ሊናገር።
እኔ የፍሬን ሰው ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ጆሮዬን የሰጠሁ
ከመንኰራኩር ሥር ለሚያቃስት ብረት።
ይሄን ግን አላወቅኩትም።

ወይዘሮ ዋልትራውት ኪዝሊንግ ብርድ ልብስ አነጠፉለት፣
በጀርባው አስተኙት፣
በጣታቸው አንጓ ደረቱን ቀስ ቀስ አርገው መቱት፤
ትንሽ መስታወት፣ ትንሽ መብራት፣ በቀዳዳው አሾልከው
አዩ። ቆዩ።
«ድምፁ ወድቋል» አሉ።
«ድምፁ ባይወድቅማ እዚህ ምን አመጣው?»
«አይደለም። ድምፅ የምንላት ዘንግ አለች፤
ጣት የምታክል የጥድ እንጨት፣ በደረትና በጀርባ መሃል የምትቆም።
ሙጫ የላት፣ ሚስማር የላት፤ ከላይና ከታች ስለተያዘች ብቻ ነው የቆመችው።
እሷ ናት የምትንከባለልብዎ።»
«ታዲያ ማቆም ነዋ!»
«ብትቆም ትፈለቅቀዋለች። ይዩት፣ እሷ በምትረግጥበት ነው የተሰነጠቀው።»

ሆደ ሰፊ ዕቃ፣ ሁሉን ችሎ ኖሯል፤
የረገጡት ስፍራ፣ ጀርባው ተሰንጥቋል።
ሆድ ቢሰፋስ ምን ሊበጅ፣ ጀርባ ካልጸናለት፣
ድምፅ በምን ትቁም፣ ወለሉ ከከዳት።

ደረሰኝ ጀርባ ላይ በእርሳስ ደመሩ፦
ስንጥቁ፣ አንገቱ፣ ነቀዝ የሄደበት መንገድ፣
አንድ ሺ ሰባት መቶ ስልሳ።
«ተጠግኖ ቢሸጥ ሺ ያወጣል፣ ያውም ገዢ ከተገኘ።
አያዋጣም።»

ቃሏን አውቃታለሁ። የኔም ቃል ናት።
ዴፖ ውስጥ ስንቱን ፉርጎ በሷ ሸኝቻለሁ፤
የጥገናው ወጪ ከዋጋው ከበለጠ ቅጹ ላይ አንድ ሣጥን አለች፣
ምልክት ታደርጋለህ፣ ትፈርማለህ፣ ቀን ትጽፋለህ፣
ብረቱ በኪሎ ይሄዳል።
አንድ ቀን እንኳ እጄ አልተንቀጠቀጠም።
ልክ ነበርኩ። አሁንም ልክ ነኝ።

«ከመሄድዎ በፊት» አሉና መስታወቱን ሰጡኝ።
ውስጡ ጨለማ፣ አቧራ፣
ከዚያ በመብራቱ ጠርዝ ልጣፍ፣ ከልጣፉ ወዲያ ሌላ ልጣፍ፣
ጠማማ፣ ሙጫው እንደ ሻማ እንባ የደረቀ።
«ይሄ የባለሙያ እጅ አይደለም» አሉ፣ ድምፃቸው ከረረ፤
«መላጊያ እንኳ የለው፣ በቢላ ነው የጠረበው!
ሥራዬን ሦስት እጥፍ ያደረገብኝ ይሄ ሰውዬ ነው።»
እኔ ግን እቆጥር ነበር። ዘጠኝ።
አንዱ የሲጋራ ሣጥን ክዳን ነው፣ ግማሽ ፊደል ቀርቶበታል።
ዘጠኝ ጊዜ፣ ምናልባት በዘጠኝ ክረምት፣
ማብሰያ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞት፣
«አያዋጣም» የሚለው ሰው አጥቶ፣
ወይም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ።
ሥራው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ አስቀያሚ ነው።

«ማን ሊጫወተው ነው?» አሉኝ።
የግድግዳውን መጋዞች አየሁ።
«ልጅ አለዎት?»
«የለኝም። በወር ሰማንያ መክፈል እችላለሁ።»
ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ሲያካፍሉ።
«ሃያ ሁለት ወር» አሉ።
መነጽራቸውን አወለቁ።
«ሰባ አራት ዓመቴ ነው።»
ውጭ ትራም አለፈ። የኋላ ፍሬኑ አልቋል፣ ይሰማል፣ ሰኞ ማስገባት አለብኝ።
«እንግዲያው» አልኩ፣ «ከጀርባው ይጀምሩ።»