ከመጋዘን እስከ ማሳ

የመጀመሪያ ርዕሴ ሰፊ ነበር፣ እንደ ጮቄ ደመና፤
አገር ሙሉ ያለብሳል፣ ጠብታ የለውም ገና።
«የአፈር አሲዳማነት በኢትዮጵያ» ይላል፣
በጥራዝ ጀርባ ላይ፣ በወርቅ ቀለም ያምራል።
ዶክተር ይበልጣል አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣
«ኢትዮጵያን በእግርሽ ነው የምትዞሪያት?» ብለው ጠየቁ።
«ያለሽ ሰባት ወር ነው፤ ብርሽም ለሞተር ኪራይ፤
በዚህ ስንቅ የት ትደርሻለሽ? እስቲ ካርታው ላይ ይታይ።»

አጠበብሁት። «ኖራ የገብስ ምርት ይጨምራል ወይ?» አልሁ፤
በሦስት ቀን፣ ከቤተ መጻሕፍቱ አቧራ ሥር፣ መልሱን አገኘሁ።
ይጨምራል። ከእኔ በፊት አሥራ አንድ ሰው ጽፎታል፤
አሥራ ሁለተኛዋን ደግሞ ማን ብሎ ያነባታል?
«ይህማ» አሉኝ «ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣
ፈረሴን ያያችሁ ማለት ነው፣ መንደር ለመንደር አቋርጦ።
ሂጂ፤ ሰው የተሟገተበትን ነገር ፈልገሽ አምጪ፤
መልሱ ‹አዎ›ም ቢሆን ‹አይ›ም ቢሆን፣
ለአንድ ሰው እንቅልፍ የሚነሳውን። በይ አሁን ውጪ።»

ማክሰኞ ረቡዕ ገበያ ደረስሁ፤ ገበያ የሌለበት ቀን፤
ውሻና ነፋስ ብቻ ያያሉ፣ ደብተሬንና እኔን።
አትርሳው ሙጬ የማኅበሩን መጋዘን ከፈተልኝ፣ ቁልፉ እያስቸገረው፤
በሩ ሲያቃስት የተነሣው ነጭ ብናኝ ሽበቱን ጨመረው።
ኖራ። እስከ ጣራው ኖራ። ያምናው፣ የካቻምናው።
«ወሳጅ ጠፋ» አለኝ፤ «ከላዩ የወለደች ድመት ናት ያተረፈችው።»
ደብተሬን አወጣሁና «የግንዛቤ እጥረት» ብዬ ጻፍሁ፤
ስንቱ መመረቂያ ላይ ያየሁት ቃል ነው፤
እንደ ሰላምታ ሰጥቼው አለፍሁ።

እንጉዳይ ቁልቁለቱ ላይ እንግዶ ታጭዳለች፤
በእድሜ እኩያዬ ናት፤ በእጇ ግን ቀድማኛለች።
መሬቱ ገብስ እምቢ ብሎ አምስት ክረምት አሳለፈ።
«ስለ ኖራ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» ስላት፣ ሳቋ ነዶው ላይ ረገፈ።
«ሦስት ጊዜ ሠልጥኛለሁ፤ አበሉንም በልቻለሁ፤
ከፈለግሽ ላንቺም ላሠልጥንሽ፣ ከነሥዕሉ እችላለሁ።
በይ ንገሪኝ፣ ያንቺ ወረቀት ለአንድ ጥማድ ስንት ይላል?»
አሰላሁ።
«ሰባት ኩንታል።»
«የኔ አህያ ግማሽ ትጭናለች፤ ወንዙ ጋ ትንበረከካለች፤
አሥራ አራት ምልልስ ነው።
ኖራው ይድረስ፣ እሺ፤ አህያዬስ ትኖራለች?
ደግሞ የሚመጣው በሰኔ፣ ዘሩ አፈር ከለበሰ ወዲያ፤
ያላወቅሁት የቱ ነው? አንቺው ንገሪኝ እንግዲያ!»

«የግንዛቤ እጥረት»ን ሰረዝሁ። እጥረቱ የማን እንደሆነ ገባኝ።
በወንዙ ስመለስ ጫማዬ ሞላ፤ ደብተር ብቻ ይዤ ደከመኝ።

ማታ ጻፍሁ፦ «ኖራው ከመጋዘን እስከ ማሳ ለምን አልደረሰም?»
ዶክተር ይበልጣል አነበቡ፤ ያን ዕለት መነጽር አላወለቁም።
«መንገድ ቢጠረግ፣ ጋሪ ቢገባ፣ አሁንም ባይወስዱትስ?»
«መሳሳቴ ይጻፋላ፤ ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅም እንደሆንስ?»
ዝም አሉ። የግቢው ባሕር ዛፍ በመስኮቱ ያፏጫል።
በቀይ እስክሪብቶ «ለምን»ን ብቻ አሰመሩና፣
«ይቺ ቃል ከባድ ናት፤ ግማሹን ጫኚ» አሉኝ፣ «ወንዝ አለና።»

ዛሬ ረቡዕ ነው። መሻገሪያው ላይ ቆሜ እቆጥራለሁ፣
ማን ምን ጫነ፣ ስንት ኪሎ፣ ከየት ወዴት፣ እጠይቃለሁ።
አንዳንዱ ግብር ሰብሳቢ መስየው መንገድ ይቀይራል።
መልሱ ገና ነው። እርሳሴ ዶልዱሟል፤ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል።
አንዷ አህያ ድንች፣ አንዷ ማገዶ፤
ሦስተኛዋ ባዶዋን ታነክሳለች፣
ጭነቷን ጌታዋ ተሸክሞላታል።
እሱ በየትኛው ረድፍ ይጻፋል?