ስልኩ ከጮኸ ወዲህ

ፋርጎ ላይ፣ በሆቴል፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት፣
ማሞቂያው በሚያስል፣ መስኮቱ በላበት፣
ሦስት ወንበር እዚህ፣ ሦስት ወንበር እዚያ፣
መሐል የግልግል ዳኛ፣ ጥግ ላይ የኔ መጻፊያ።
ካፋቸው የሚወድቀውን ቃል እለቅማለሁ፤
ሥራዬ ይኸው ነው፤ አልፈርድም፣ እጽፋለሁ።

ነገሩ ትንሽ ናት፤
ሁለት ሰዓት ከአርባ፣
ከደመወዝ መዝገብ ላይ ሳትቆጠር የቀረች፣
ሦስት ዓመት ሙሉ ግን ፋይል ያሳበጠች።

ሃልቮር ትቬይት ተነሣ፤ የምልክት መብራት ሠሪ፣
ሸንጎ የማያውቅ ሰው፣ ቃል ሲጠፋው ኮፍያ አሽከርካሪ።
«እሑድ ለሰኞ ሌሊት፣ ጥር ነው፤ ነፋሱ ጥርስ ያለው።
ስልኩ ስምንት ከሩብ ላይ ጮኸ፤ ሚስቴ ነች የሰማችው።
‹ከቤርግዳል ወዲህ መብራቱ ቀይ ላይ ተቸንክሯል› አሉኝ፣
‹ስንዴ የጫነ ባቡር በረዶ መሐል ቆሟል።›
መኪናዬ አልነሣ አለችኝ፤ ከሆዷ ሥር ፍም አኖርኩ፤
በአካፋ እየጠረግኩ ዐሥራ ስድስት ማይል ነዳኹ፤
ለዐሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ከምልክቱ ሥር ቆምኩ።
ክፍያው ከዚያ ጀመረ።
የመጣሁበትን ግን… ጌታዬ…»
ዝም አለ።
ዝምታውንም ጻፍኩት፤ በቅንፍ፤ እንደ ደንቡ።

የኩባንያው ጠበቃ፣ ሚስተር ፔምበርተን፣ ተነሡ፤
ድምፃቸው ዘይት የጠጣ፣ ውሉን በጣት እየዳሰሱ።
«አንቀጽ ዐሥራ ዘጠኝ ግልጽ ነው፤ ሥራ ማለት መሥራት ነው፤
ብሎን ያላጠበቀ እጅ ስለ ምኑ ነው የሚከፈለው?
ዛሬ ለመንገዱ ከከፈልን፣ ነገ ለሕልሙም እንከፍላለን።»
ሳቅ ተሰማ፤ ከወንበሮቹ ከአንዱ ወገን።

ኩቢክ፣ የማኅበሩ ሰው፣ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ፤
ውሃው ማስታወሻዬ ላይ ፈሰሰ፤ ማንም አልጠየቀኝ ይቅርታ።
«ተኝቶ ቢቀርስ ኖሮ?» አለ፣ «ከሥራ አልነበር የሚባረር?
ሲቀር የሚቀጣበት መንገድ፣ ሲሄድ እንዴት አይቆጠር!»

ዳኛው ሚስተር አስኪው እስካሁን ዝም ብለዋል፤
የሚኒሶታ ሰው ናቸው፤ ብርቱ ጉንፋን ይዟቸዋል።
መነጽራቸውን አወለቁ፤ የአፍንጫቸውን ሰንበር አሹ።
«አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ» አሉ፣
«ስልኩ ከጮኸ ወዲህ፣ መብራቱ ሥር እስኪቆም፣
በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ብርድ፣
ይህ ሰው የማን ነበር?»

ማሞቂያው እንኳ ማሳሉን ተወ።
ፔምበርተን ውሉን ገለጡ፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፤
ሁሉ አለ በዚያ ወረቀት፤
የጓንት ዋጋ፣ የፋኖስ ጋዝ፣ የምሳ ሰዓት፣ የበዓላት።
ይህች ግን የለችም።

ፍርዱ በጸደይ መጣ፣ ስድስት ገጽ፣ በፖስታ፣
የሁለቱንም ወገን ፊት ግማሽ ያኮማተረ፣ ግማሽ የፈታ።
ስልኩን ካነሣ ጀምሮ ሃልቮር የኩባንያው ነው፤ ይከፈለው።
ፍም ያኖረባት ሠላሳ ደቂቃ ግን ትቀነስ፤
መኪናዋ የግሉ ናትና፣ ብርዷም የራሱ ነው።
ተደምሮ፣ ተባዝቶ፣
ሰባት ዶላር ከዐሥራ አምስት ሳንቲም።

ኩቢክ ሰደበ። ፔምበርተንም፣ በጨዋ ቋንቋ፣ ሰደቡ።
ሃልቮር ግን ቼኩን አጥፎ ከኮፍያው ውስጥ ሸጎጠው።
ከዚያ ወዲያ፣ ይሉኛል፣ በመሥመሩ ሁሉ፣ በየቤቱ፣
ከስልኩ ጎን፣ በክር፣ አንዲት እርሳስ ተንጠለጠለች፤
ሌሊት ደወል ሲጮኽ፣ ባልየው ሱሪ ሲፈልግ፣
ሚስቲቱ ግድግዳው ላይ ሰዓቱን ትጽፋለች።

የዚያን ዕለት ሸንጎው በዐሥራ አንድ ያልቃል ተብሎ፣
ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ተነሣ።
እነሱ ካፖርት ደረቡ፤ ወደ እራታቸው ወረዱ፤
እኔ የረጠበውን ማስታወሻ ማሞቂያው ላይ ዘረጋሁ፣
የሁሉንም ንግግር፣ ሳልና ዝምታ በታይፕ መታሁ።
የመጨረሻው ገጽ ኅዳግ ላይ፣ በእርሳስ፣ በትንሹ፣
«ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ» ብዬ ጻፍኩ።
ማንም አልጠየቀኝም
እስከዚያ የማን እንደነበርኩ።