ሦስት ገጽ ባዶ

መዝገቡ ሲከፈት ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤
ጠርዙን አይጥ በልቶታል፣ ልቡን ግን ትቶታል።
የመጀመሪያው ገጽ፣ የመጀመሪያው መስመር፦
«ኅዳር ሃምሳ ዘጠኝ፣ ሙሄ ልብስ ስፌት በር፣
ስድስት ሰው ተገኝቷል፤ ጸሐፊው እኔ ይመር።»

አጀንዳው አንድ ብቻ፦ ሐይቁ ሸሸ አልሸሸም።
ቀኑ መሸ እንጂ ክርክሩ አልመሸም።
መሪጌታ ልሳኑ የወይራ ዘንግ ሰጡ፣
ሼህ አሊጋዝ በጩቤ ጣት በጣት ምልክት አወጡ፤
በታንኳ ገብተው ተከሉት፤ ሲመለሱ ራት አጡ።

ከዚያም ወፍ መቁጠር መጣ፦ «ዳክዬ ሁለት መቶ አራት፤
ይብራ ስምንት፤ አንዲት ጥቁር ወፍ፣ ስሟን የማናውቃት።»
ጦይባ የሙሄ ልጅ፣ ገና በአሥር ዓመቷ፣
«ደብተራ በሏት» አለች፣ ነጭ ነውና አናቷ።
መሪጌታ ቅር አላቸው፤ ቆይተው ግን ሳቁ፣
«ደብተራ ትሁን» ብለው በቀይ ቀለም አጸደቁ።

ስድሳ ስድስት ላይ ሦስት ገጽ ባዶ ነው።
ቀን አለ፣ ቁጥር አለ፣ ከሥሩ ምንም የለው።
ያን ዓመት በመንገዱ ዳር ሰው ነበር የሚቆጠረው፤
ይመር ብዕር አላነሣም፤ ገጹን ብቻ ገለጠው።
ወረቀት በጠፋበት ዘመን ለምን ባዶ ተወው?
ጠይቄው ነበር አንዴ።
ሳል ያዘው።

በደርግ ጊዜ ማኅበሩ «ሥራ ፈት ወፍ ቆጣሪ» ተባለ፤
መዝገቡ ከአበጋዝ መረብ ሥር ስድስት ዓመት ዋለ።
(ሽታው ከዚያ ነው። አይጡም።)
ሼሁ ሞቱ፤ መሪጌታ በዓመቱ ተከተሉ፤
ለቅሶ ላይ የተቀመጡት አንድ ድንኳን ነው ሁሉ።

አሁን ሊቀመንበሯ ጦይባ ናት፤ መነጽሯ በክር የታሰረ።
በአሥራ አራቱ ጦርነት ሣጥናችን ተሰበረ፤
ያደረቅነው የዋንዛ ቅጠል፣ የጽዱ፣ የብሳናው፣
ምድጃ ገባ፤ ሻይ ፈላበት፤ ማን እንደ ጠጣው እንጃ።
ማኅተሙም የለም። ስንነግራት ዝም ብላ ሰማችና
«ዘንጉስ?» አለች፣ ነጠላዋን እያጣፋች እንደገና።

ዘንጉ አለ፤ ቆሟል፤ ውሃው ግን ትቶት ርቆ፣
ሽንኩርት መሐል ቀርቷል፣ ጥጃ ታስሮበት፣ ደርቆ።

ቅዳሜ ተሰበሰብን። አራት ሰው ተገኘ።
የሃምሳ ዘጠኙ አጀንዳ እስከ ዛሬ እንዳደረ ተገኘ።
እኔ «ሸሽቷል» ብዬ ጽፌ ነጥቡን ላሳርፍ ስል
«ስንት ክንድ?» አለች ጦይባ፣ «እንዲያው በግምት ይጻፋል?»

ገመድ ይዘን ወረድን። ባለ ሽንኩርቷ «ምን ጠፋባችሁ?» አለችን፤
ጥጃው የገመዱን ጫፍ አኘከው፤ ሁለቴ መለካት ግድ ሆነብን።
እኔም በጉልበቴ ላይ መዝገቡን ዘርግቼ
በጨረቃ ጻፍሁ፦
«መቶ አሥራ ሦስት ክንድ። ደብተራ፣ ሠላሳ ሁለት።
ራት ሰዓት አልፏል።»