የጭልፋ ሒሳብ

የሊማ ክረምት ዝናብ የለው፣ ጉም ነው፣
ከባሕር ተነሥቶ የኛን ኮረብታ የሚሸፍነው።
ሦስት መቶ ዐሥር ደረጃ አለ ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን፤
የውኃ ቦቴ አይወጣውም፤ የሚወጣው ጉልበታችን።

መሀል ላይ፣ በቆርቆሮው ጥላ፣ የሰፈሩ ድስት ተጥዷል፤
የዶሮ እግር፣ ድንች፣ እፍኝ ሩዝ ባንድ ላይ ይንተከተካል።
"ሒሳብ ትችያለሽ" ብለው ደብተሩን ለኔ ሰጡኝ፣
ጄሪካን ገልብጠው ከእናቴ ጎን አስቀመጡኝ።

ቤቱ ሁሉ ቁጥር አለው፣ በዕቃው ክዳን የተጻፈ፣
ቢደበዝዝም ያልለቀቀ፣ ስንት እጥበት ያለፈ።

ሰባት፦ ዶን ሳቱርኒኖ፣ ብቻውን፤ አንድ ጭልፋ።
ዐሥራ ዘጠኝ፦ መንታ የወለደችው፤ ሦስት፤
ግማሹን ከፍላለች፣ ግማሹ ይቆያት ተብሏል።
ሠላሳ አንድ፦
               እዚህ ላይ ብዕሬ ይቆማል።

ሠላሳ አንድ የኤድመር ነው፣ ክፍል ውስጥ ከፊቴ የሚቀመጠው፣
በዕረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ ከሁሉ በላይ የሚሮጠው፣
"ዛሬ እንቁላል በላሁ" እያለ ለሰው ሁሉ የሚያወራው፣
እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ሆዱን በቡጢ የሚያስፈራራው።

እሱ ዕቃ ይዞ አይመጣም፤ ታናሽ እህቱን ይልካል።
እሷ ቁጥሩን በመዳፏ ትሸፍናለች።
እኔ አላየሁም። ደብተሩ ግን ያውቃል።

"ያልከፈለ አይጻፍ፤ ያልተጻፈ አይቀዳለት።" ደንቡ ይህ ነው።
ያወጡት ክፉዎች አይደሉም፤ ጋዙ ነው የጨከነው።
የኤድመር አባት ከመርከብ ከተቀነሰ ሦስት ሳምንት፤
ሁለት ሶል ማለት እዚያ ቤት
ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ማለት።

ሐሙስ፣ ባዮሎጂ። መምህርት ኢሊያና ጠየቁ፦
"ተክል ምግቡን ከምን ይሠራል?"
"ከብርሃን" አለ አንዱ ከኋላ።
መስኮቱን አየሁ። ግራጫ። ግማሽ ዓመት ፀሐይ የረሳው ከተማ።
"ታዲያ የዚህ አገር ተክል ምን ይበላል?" ልል ስል
ሆዴ ቀደመኝ፤ ጮኸ፤ ክፍሉ ሊሰማ፣
ገና ሊስቅ፣
ኤድመር ወንበሩን በሲሚንቶው ላይ ሲጥጥጥ አደረገ፣
ያ ድምፅ ሁሉ የሱ ነው ተባለ፣ ውጭ ቁም ተባለ፣
ዞሮ ሳያየኝ ወጣ።

ዐርብ ድስቱ ሲራቆት ደመርኩ።
ድስቱ የሚሰጠው ዘጠና ስድስት ጭልፋ፣
የተጻፈው ዘጠና ስድስት።
ሠላሳ አንድ አልተጻፈም።
የሠላሳ አንድ ዕቃ ግን እንፋሎቱ ከክዳኑ ስር እየሾለከ
ዳገቱን ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።
ዘጠና ሰባተኛዋ ጭልፋ ከየት መጣች?

ቤት ገብተን የኛን ከፈትን። አራት ተጽፎልን፣ ሦስት ነው።
ታናሽ ወንድሜ ያንዴል ክዳኑን ይልሳል፤ ታላቄ እሱን ያያል።
"እኔስ ጨው አንሶት ስቀምስ፣ ስቀምስ፣ ጠገብኩ" አለች እናቴ።
የእናቴ እጅ
በሕይወቷ ጨው ስቶ አያውቅም።

ሌሊቱን ተናደድኩባት። ከዚያ ራበኝ።
ከዚያ ሁለቱን መለየት አቃተኝ።

ማክሰኞ፣ ሴቶቹ ድንች ሲልጡ፣ ጀርባቸውን ሲሰጡ፣
አንድ ማሰሮ ውኃ ድስቱ ውስጥ ደፋሁ።
ዶና ፍሎሪስቤላ አየችኝ።
እጇን ጠረገች፣ ምንም አላለችም፣
የራሷን ማሰሮ አንሥታ ጨመረች።

ሾርባው ቀጠነ፤ የድስቱን ታች ያሳያል።
ዶን ሳቱርኒኖ ቀመሰና፣ "ዛሬ ሾርባው
ዘመድ በዝቶበታል" አለ፣ ጠጣውም።

ደብተሩን ገለጥኩ።
ሠላሳ አንድ፦ ኤድመርና እህቱ፣ እናቱ፣ አባቱ፤ አንድ ጭልፋ።
"የከፈለው" በሚለው ዓምድ ስር ብዙ አሰብኩ፣
ብዕሩን ነከስኩ፣
"ወንበር" ብዬ ጻፍኩ።