ግማሽ ጽዋ

በሁሳቪክ ወደብ ጀልባ ባደረበት፣
የዓሣ መረቡን ውርጭ በያዘበት፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ምድሪቱ ስትናጥ፣
ብርጭቆ ሲንጫጫ በሄርዲስ ቁም ሳጥን ውስጥ፣
አሮጊቷ ተነሥታ፣ መብራት አብርታ፣
«መሬት ናት» ትላለች፣ ድመቷን አጽናንታ።

ጎረቤቷ ኦርቫር፣ የመንደሩ መምህር፣
በማግስቱ ለልጆች በጠመኔ ሲያስተምር፣
ሁለት መስመር ያሰምራል፤ «ሳህኖች ናቸው» ይላል፣
«ከባሕሩ በታች አንዱ ካንዱ ይሸሻል።»
ሳህን ማለቱስ ደግ፣ ወደ ነገሩ ቀርቧል፤
ዕቃው ግን ጽዋ ነው፤ የሚስቴ እጅ ይዞታል።

ስሜን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም ሐሰት ነው፤
ሐሰት ነው ስላችሁ ደግሞ፣ እሱም ሐሰት ነው።
የሰማይ ሹማምንት፣ የጠጅ ቤት ጀግኖች፣
ከሃዲ ብለውኛል በየግጥሙ ስንኞች።
እስቲ ልቁጠርላችሁ እኔም በተራዬ፤
ጣቴ ቢታሰርም አልጠፋም ጥርሴ፣ ጌታዬ።

ባለ መዶሻው ጌታ፣ መዶሻ ሳይኖረው፣
የሚስቱን ወርቅ ጸጉር ሌሊት ሸለትኩት፤ እውነት ነው።
ለምን ብትሉኝማ፣ ያን ቀን መቀሱ ስል ነበር፤
ሌላ ምክንያት ብሰጥ፣ ይሄኔ ነው መዋሸት የሚጀመር።
ዕዳዬን ልከፍል፣ ድንክ አንጥረኞች ዘንድ ወርጄ፣
አዲስ ጸጉር አመጣሁ፣ አንገቴን አስይዤ።
መዶሻውም ከዚያ፣ ጦሩም ከዚያ ወጣ፤
ለነሱ መሣሪያ፣ ለኔ ወስፌ መጣ፤
ከንፈሬን ሰፉልኝ፣ አጥብቀው ጎንጉነው፤
ስስቅ ይታያል ዛሬም፣ ጠባሳው ጥርሴን ከቦ ነው።

ግንባቸውን ሲገነባ ያ እንግዳ ግንበኛ፣
ፀሐይና ጨረቃ ይከፈለኝ ቢል፣ ማሉለት ሁሉም እንደ ዳኛ።
«አንተ ነህ ያስማማህ!» ብለው ኋላ ሲያፋጥጡኝ፣
ባዝራ ሆንኩ፤ ፈረሱ ሥራ ጥሎ ጫካ ለጫካ አባረረኝ።
ስምንት እግር ያለው ውርንጭላ ወለድኩ፣ ደመና የሚሰነጥቅ፤
አንድ ዓይናው ይጋልበዋል፤ እናቱ ማናት ብሎ ግን፣ ማን አለ የሚጠይቅ?

ተቀጥላዋስ?
አዎ። እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ ላድርግ።

እሳትም ብረትም ሲምሉ ያን ብሩህ ልጅ ላይጎዱ፣
አንዲት ተቀጥላ ቀረች፣ በሰው ዛፍ ላይ የበቀለች፣
«ታናሽ ናት» ተብላ፣ ሳትምል የተተወች።
እኔም በነሱ ማዕድ፣ በሰው ዛፍ ላይ የበቀልኩ፣
ተቀጥላ ነበርኩና፣ ሳያት ራሴን አወቅኩ።
ለዕውሩ ወንድሙ አስያዝኩት፤ እጁንም አቀናሁለት።
ከዚያ በኋላ የሆነውን … አልቀልድበት።

«አንጀት የላችሁም» ብዬ ብጮኽባቸው፣
አንጀት ይዘው መጡ፤ የልጄ ነው እንጂ፣ መች የራሳቸው?
ከዐለት ጋር ጠፈሩኝ በሱ፤ በላዬም እባብ ሰቀሉ፤
መርዙ ፊቴ ላይ ጠብ … ጠብ … ሌሊቱን ሙሉ፣ ቀኑን ሙሉ።

ሚስቴ ጽዋ ይዛ ከራስጌዬ ቆመች።
ሲሞላ ልትደፋው ለአፍታ ትወጣለች፤
ያን ጊዜ መርዙ ያገኘኛል፤ እወራጫለሁ፤
በሁሳቪክ ብርጭቆ የምሰብረው ያኔ ነው፣ ይቅርታ እላለሁ።
ስለ እጇ መዛል ግን አንድ ስንኝ የገጠመ፣
እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ የኔው ስም ነው የገነነ፣ የታመመ።

ታዲያ እኔ ጠብታ ቆጣሪ ነኝ፤ ሌላ ሥራ የለኝም።
ጽዋው የሚሞላው በሺህ ሁለት መቶ ነው።
ሰሞኑን በስድስት መቶ ትወጣለች።
ስትደፋውም ሰማሁ፤ የሙሉ ጽዋ ድምፅ አይደለም።
ደጅ ትዘገያለች።
ስትመለስ ጸጉሯ የባሕር ጨው ይሸታል፤
አንድ ቀን እንዲያውም ቀሚሷ ላይ
የድመት ጸጉር አየሁ።

«ሞልቶ ነበር?» አልኳት።
«ሞልቶ» አለች፤ ዓይኗ እንኳ ሳይርገበገብ።

ስንት ሺህ ዘመን ውሸት ስፈትል ኖሬ፣
እንዲህ ያለ ንጹሕ ውሸት የሰማሁት ዛሬ።
ዝም አልኩ። ፊቴን ለጠብታው አዘጋጀሁ።

እናም ሄርዲስ ሆይ፣ ብርጭቆሽ ቢሰበር፣
ኦርቫርን አትጠይቂ። «መሬት ናት» በይ።
ሚስቴ እጇን እያፍታታች ነው።
ማታ ማታ በሩን አትቆልፊ፤
ውጪው ብርድ ነው።