ካርድ ክፍል

ከመስኮቱ ኋላ፣ ከካርዱ ክምር ሥር፣
አሥራ አራት ዓመቴ፣ ስም ስጠራ፣ ስም ስደረድር።
ሰውን በመልኩ ሳይሆን በቁጥሩ ነው የማውቀው፤
ሌዳሞ፣ ስድስት ሺህ አሥራ አንድ ነው።

መረብ ጠጋኝ ነው፣ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከአሞራ ገደል፤
የዓሣ ቅርፊት ይዞ ይመጣል በጣቱ መሐል፤
በወር አንድ ማክሰኞ፣ ለደም ግፊቱ፣ ቀን ሳያጓድል።

ለድሬሰር ወርዶፋ!
ገና መርፌው ሲታይ ሕመም የሚያጠፋ።
"እጁ ቀላል ነው" ይላሉ፣ "እጁ ምርቃት አለው"፤
ትከሻውን መታ አድርጎ "ሂድ፣ በሬ ነህ!" ሲለው
ሌዳሞ ደረጃውን የሚወርደው እንደ ጎረምሳ ነው።
ካርዱ ላይ ግን ቁጥሩ አንድም ቀን አልወረደ፤
አይቻለሁ። ማን ጠየቀኝ?

ሰኔ ላይ ወርዶፋ ጡረታ ወጣ።
"ሲስተር፣ ሐኪሙ መቼ ነው የሚመጣ?"
"እኔ ነኝ አባቴ" አለች ዶክተር ኢክራም።
ጠየቀችው፦ እንቅልፍስ? ጨው ያበዛሉ?
አባትዎ በምን ሞቱ? ክኒኑን በየቀኑ ይውጣሉ?

ወደ መስኮቴ መጣ፣ ማዕበል መስሎ።
"በሽታዬን የሚነግረኝ ሐኪም አይደል እንዴ?
እኔን ከጠየቀች፣ ሐኪሙ እኔው ነኛ!
መርፌ እንኳ አልወጋችኝ። ክኒን ዋጥ አለችኝ፣ ዕድሜ ልክ።
ዕድሜ ልክ! ማንን ገደልኩና?"
ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
"ለመሆኑ ታውቃለች?"

የምናዘዘው ይህችን ነው።
አፌ አልተናገረም፤ የተናገረው ትከሻዬ ነው፦
ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ፈገግ አልኩ። "እንግዲህ… ልጅ ናት።"
ከኋላው ሰልፍ ነበረ። ቀጣዩን ጠራሁት።

ሐምሌ ካርዱ አልተሳበም። ነሐሴም።
መስቀል አለፈ፤ ሸረሪት ድሯን አደራችበት፣
ከመረቡ የጠበቀ።
ማክሰኞ ማታ፣ ጋውኗን ጠቅልላ፦
"የመረቡ ሰውዬ ዛሬም ቀረ?"
"ቀረ" እላታለሁ፣ አቀርቅሬ።

ኅዳር፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ በባጃጅ።
ቀኝ እጁ እንደ ተበጠሰ ገመድ፣
ከንፈሩ ወደ ጎን ወርዶ።
ጎንበስ አለች፦ "አባቴ፣ ምን ይሰማዎታል?"

ያን ጊዜ ሊመልስላት ፈለገ።
አፉ ተከፈተ፤ ቃሉ ሾልኮ ሄደ።
ግራ እጁ ብቻ የአንሶላውን ጫፍ
ይቋጥራል፣ ይፈታል፣ ይቋጥራል።

ልጁ በሻዱ ካርዱን ይዛ መስኮቴ ላይ ቆመች።
"አንተ እዚህ ቆይተሃል" አለች፣
"ሐኪሟ እንዴት ናት? ታውቃለች?"

ትከሻዬን በእጄ ያዝኩት።
"ትጠይቃለች" አልኳት።
"መልሱላት።"